ለእህት ያልተነገረው

ልብስ ሰፊው በዘር ስለሚወረስ ሕመም የምታማክረውን ባለሙያ ከዚህ ቀደም ያውቃታል። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ «የልብዎ ሕመም ከዘር የመጣ ነው። እህትዎም ዛሬ ነገ ሳይሉ ይመርመሩ፤ ቀድሞ ከታወቀ መድኃኒት አለው» ብላው ነበር።

እሱ ግን ወሬው ሴት ልጁን ካጯት ሰዎች ጆሮ እንዳይደርስ ብሎ በሆዱ ያዘው። እህቱ በዓመቱ ገበያ መሀል ወድቃ ቀረች። ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ዓይነት ድንገተኛ ነገር ነው!» ሲል፣ እሱም «ድንገት ተቀጠፈችብኝ» እያለ አለቀሰ።

አሁን ደግሞ ልጁ ደረጃ ስትወጣ ራሷን ሳተች። ወደዚሁ ሐኪም ቤት ይዟት መጣና ኮሪደሩ ላይ አስቀምጧት ቀድሞ ብቻውን ገባ።

ባለሙያዋ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እየሳለች፣ «የእህትዎን ጨርሻለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ጠዋት መጥተው ሁሉንም ነገሩኝ» አለችው።

«እህቴ እኮ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው በቁሙ ይገደላል? ምን ያህል ቢቀየሙዎት ነው፣ ስምዎን እንኳ መጥራት አልፈለጉም። ‹ልጁን እኔው እወስዳታለሁ› ብለው ውጭ እየጠበቁ ነው።»

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። በሩ ጋ ሳይደርስ የልጁን ድምፅ ሰማ።

«አክስቴ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ እጄን አሳመምሽኝ።»