ማራገፊያው በር

ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ነርስ የዋለችበትን ይዛ ቤቷ አትገባም። ከሆስፒታሉ ስትወጣ በሩ ላይ ያለው ማሽን የቀኑን ትዝታ ከአእምሮዋ ያራግፍላታል። ሐዘን ተደራርቦባቸው የሚታመሙ ነርሶች ሲበዙ የወጣ ደንብ ነው። ሲስተር ፋናዬም ለምዳዋለች። እናቷ እሷው የምትሠራበት ክፍል ከተኛች በኋላ እንኳ፣ እህቷ ስንዱ «እማዬ እንዴት ዋለች?» ስትላት «እኔ ምን አውቄ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም።

ዛሬ ግን ስንዱ አልጠየቀቻትም። ፋናዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ምግብ ቀረበላት።

«መጀመሪያ ብዪ» አለቻት ስንዱ፣ ዓይን ዓይኗን ላለማየት አቀርቅራ።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ያለ ወትሯቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ፋናዬ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። መርዶ የሚነገረው ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ መሆኑን ታውቃለች።

«ምንድን ነው የምትደብቂኝ?»

«ከሆስፒታል ደውለውልኝ ነበር» አለች ስንዱ። «እማዬ ቀን ላይ አርፋለች። እጅሽ ላይ ነው አሉ። ዓይኗንም የከደንሽው አንቺ ነሽ።»

ፋናዬ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። ከሳሙና ሽታ በቀር ምንም የላቸውም።

ስንዱ ተጠግታ ጉልበቷን ያዘች። «መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

ፋናዬ እጇን በእህቷ እጅ ላይ አኖረች።

«ስምሽን ጠርታ መረቀችሽ» አለች።

ስንዱ ያን ጊዜ እንባዋን ለቀቀችው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ቀና አለችና አየቻት።

«አንቺንስ?»