የመቶ አለቃው ለቅሶ

«ወባ ነው! ስንቴ ልንገራችሁ? ውሃ አይደለም፣ ወባ ነው!»

የእሌኒ ድምፅ ተዘግቷል። ከጠዋት ጀምሮ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ለገባ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የምትለው። ሰዉ ግን ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «አይ ውሃ! አይ ውሃ!» እያለ ሄዶ ይቀመጣል። አሁን ደግሞ ከቡኢ የመጡት አክስቷ ጉልበቷን መታ መታ አድርገው፣ «ተይ ልጄ፣ ሐረ ሸይጣን ገብቶ የዋኘ ሰው መቼም አይቀርለትም። ሐይቁ ያኔ የለቀቀው ቀጠሮ ሰጥቶት ነው» ይሏታል።

ቀጠሮ! ድንጋይ ቢወረውሩበት ውሃው ጋ አይደርስም የሚባልለት ሐይቅ ነው። ወንድሟ ተካ ገብቶ፣ ዋኝቶ፣ ወጥቶ፣ ፀጉሩን እያራገፈ «ይቀዘቅዛል» ብቻ ነበር ያለው። ለጃንሆይ ልደት አዲስ አበባ በተደረገው የዋና ውድድር አንደኛ የወጣ ልጅ እኮ ነው። የገደለችው የቆሼ ከተማ ትንኝ ናት፤ ቴአትር ሊያሳይ ሄዶ።

«ወላሂ አብሬው ነበርኩ» ይላል አሚኑ ከድንኳኑ አፍ። አሚኑ ልብስ ሰፊ ነው፣ ተካ በሄደበት ሁሉ መቀስና ክሩን ይዞ የሚከተል ጓደኛው። «እያንቀጠቀጠው እጄ ላይ ነው ያለፈው። እንኳን ሊዋኝበት፣ የሚጠጣው ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎት ነበር።»

«ጓደኛው አይደል፣ ይሸፍንለታል» ይላል አንዱ ከኋላ።

ይሄ ሳያንስ ፎቶው አለ። ድንኳኑ መሃል ወንበር ላይ ተካ የመቶ አለቃ ልብስ ለብሶ ደረቱን ነፍቷል። የቴአትር ልብስ ነው! አሚኑ ነው የሰፋው፤ ትከሻው ላይ ያሉትን ኮከቦች ከሳርዲን ቆርቆሮ ነው የቆረጣቸው። ተካ በጦር ሰፈር ደጅ እንኳ አላለፈም። አባቷ አቶ ደበሌ ግን ከፎቶው ሁሉ መርጠው እሱን አወጡ፣ ከጎኑም ከጎረቤት የተዋሱትን ምንሽር ጠመንጃ አስደገፉ።

«አባባ፣ ኧረ ይሄን ፎቶ ያንሱት። ወታደር መሰለ እኮ።»

«ይምሰላ!» ይላሉ አባቷ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ታዲያ በቁምጣ የተነሳውን ላውጣ? ወይስ ጢም ለጥፎ የሚያጓራውን? ልጄ ሞቶም አዝማሪ ይባልብኝ?»

አልቃሿ እትዬ ዓለምዘውድ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነው። ለወግ ያህል የሟቹን ነገር ይጠይቃሉ፣ እሌኒም ጥግ ይዛ ትነግራቸዋለች። «ዋናተኛ ነበር። ቴአትር ደግሞ ነፍሱ ነው። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ አይቶ ይመጣና፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ባልየውንም፣ ሚስትየዋንም፣ ዘበኛውንም ሆኖ ይጫወትልኝ ነበር። ይህንን ይበሉልኝ።»

«ፈረሱስ ማን ይባላል?»

«ፈረስ የለውም።»

«ገዳይ ነበር?»

«ኧረ ማንንም አልገደለም!»

«ታዲያ ምን ብዬ ላስለቅስ፣ ልጄ?» ይላሉ እትዬ ዓለምዘውድ፣ ጨንቋቸው። ከዚያ ዓይናቸው ፎቶው ላይ ያርፋል። ፊታቸው ፈካ ይላል። «እንዲህ አትይኝም ታዲያ!»

እሌኒ እጃቸውን ሳትይዛቸው መሃል ገብተዋል።

«መቶ አለቃ ተካ፣ አገር ያከበረው፣
ጥይት ያልደፈረው፣ ውሃ ደፈረው!»

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ይናጣል። ወንዶቹ ምንሽሩን አንስተው መሃሉን ይዞሩበታል። «መቶ አለቃዬ! መቶ አለቃዬ!» ትላለች ተካን በሕይወቷ አይታው የማታውቅ ሴትዮ፣ ደረቷን እየደቃች።

እሌኒን የያዛት ለቅሶም አይደል፣ ንዴት ነው። ተካ እውነት የማይመስል ተውኔት ሲያይ መሃል ላይ ተነስቶ፣ ወንበሩን አንኳኩቶ ይወጣ ነበር። አሁን የት ይውጣ? በቆርቆሮ ኮከብ ታስሮ እዚያ ተቀምጧል።

ብድግ ትላለች። ምንሽር የያዘውን ሰውዬ በትከሻዋ ገፍታ መሃል ትገባለች።

«ዝም በሉ! እንዲህ ነበር! ተካ እንዲህ ነበር!»

አጎንብሳ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ትወረውራለች። ከዚያ ግራዋን። አንገቷን ወደ ጎን ታዞርና አየር ትስባለች፣ ደግሞ ቀኝ። ተካ ግድግዳ የተጠጋ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዷ አስተኝቶ፣ ክንዷን ይዞ ነው ያስተማራት። እየተሳበች ጫፉ ጋ ደርሳ ስትነሳ መልሶ ያስተኛት ነበር፦ «እጅሽ ግድግዳውን ካልነካ አልጨረስሽም፣ እሌኒ። ጠጋ ማለት አይቆጠርም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። አዩት፣ ትላለች በልቧ። ይኸው አዩት።

«ወይኔ!» ይላሉ የቡኢዋ አክስቷ፣ ራሳቸውን ይዘው። «እንዲህ እያለ ነው የሰጠመው!»

ጩኸቱ ድንኳኑን ሊነቅለው ይደርሳል። እትዬ ዓለምዘውድም ይህችን አላሳለፏትም፦

«እጁን ቢዘረጋ፣ የሚይዘው አጥቶ፣
ቀረ እንደ ድንጋዩ፣ ከባሕሩ ገብቶ!»

«አልሰጠመም!» ትላለች እሌኒ። ማን ይሰማታል? ከዘመድ እስከ ጎረቤት ያለቅሳል፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ። ተካ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተመልካች አግኝቶ አያውቅም። እጇን ልታወርድ ትልና ቀና ስትል አሚኑን ታየዋለች።

አሚኑ አያለቅስም። ከፊቷ ያለውን አግዳሚ እየጎተተ ነው። «እስቲ ጠጋ በሉ፣ መንገድ ልቀቁላት» ይላል፣ የተቀመጡትን በክንዱ እየከፈለ፣ እስከ ዳር ድረስ።

ቀኝ። ግራ። አየር። በጩኸቱ መሃል፣ በአቧራው መሃል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ከኋላዋ እየተጎተተ፣ ታልፋለች። የመጨረሻውን እጇን ወርውራ የድንኳኑን ምሰሶ በመዳፏ ትመታለች።

ምሰሶው ይንቀጠቀጣል። አባቷ ቀና ይላሉ። እሷ እያለከለከች ቆማለች፤ እጇን ከምሰሶው ላይ አላነሳችም።