ማን በምን ይጀምራል

የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሉ እንደ ወንፊት ነበር። ዓመቱ ሲጀመር ተማሪ ወንበር ይሻማል፤ ሲጋመስ መምህሩ ለባዶ ወንበር ያስተምራል። የሄደው የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም።

ኃላፊው አዲሷን መምህርት ቢሮው አስጠርቶ፣ "እህቴ፣ ከበላይ የመጣውን ልንገርሽ" አላት። "ዘንድሮም ግማሹ ጥሎ ከሄደ ክፍሉ ይዘጋል። አንቺም ወደመጣሽበት፣ እኔም ወደ ጡረታዬ።"

እሷ ዘዴ ነበራት። ተማሪ የሚሸሸው ትምህርቱ ስለማይገባው ሳይሆን ያለጠባዩ እንዲሠራ ስለሚገደድ ነው ብላ ታምናለች። በመጀመሪያው ቀን የተፈታታ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ "ግጠሙት" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንዱ መመሪያ ጠየቀ። አንዷ ብሎኖቹን በየመጠናቸው ደረደረች። ሌላው ዕቃውን እያገላበጠ ዳበሰ። ከበሩ አጠገብ የነበረው ልጅ ግን ማንም ሳያስብ ሰካው፣ አበራው፣ አቃጠለው።

እንደየአጀማመራቸው ለይታ ተመሳሳዮቹን በቡድን ደለደለቻቸው። ውጤት ለቡድን እንጂ ለሰው አትሰጥም። ስም መጥራትም ተወች፤ ተማሪን እንደ እስረኛ መቁጠር ማስበርገግ ነው ትላለች።

እንደ አቃጣዩ ያለ ሁለተኛ አልተገኘም። ስለዚህ ከቡድን ቡድን አዞረችው። ጓደኞቹ "ችኩሉ" አሉት። ሌላው ለመጀመር ሲፈራ እሱ የማይሠራ ፕሮግራም ጽፎ ይወረውርላቸዋል። እየሳቁ ያርሙታል፤ እያረሙ ይማራሉ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ትለዋለች አንብባ ሳትጨርስ የማትጀምር ልጅ።

"እኔ ላፍስ፣ አንቺ ልቀሚ። ሥራ ተካፈልን ማለት ነው።"

ወራት አለፉ። ወንበሮቹ አልተራቆቱም።

መምህርቷን እንቅልፍ የነሳት ያው ችኩሉ ነበር። ሁልጊዜ በሩ ሥር ይቀመጣል። ቦርሳውን አይከፍትም። ኃላፊው በመስኮት ብቅ ካለ ጫማውን ሊያስር ያጎነብሳል። ይኼ ልጅ መሄጃውን እያመቻቸ ነው አለች በልቧ። እሱ ከሄደ ደግሞ ሌሎቹ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ይበተናሉ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመችው።

"ልትተወን አስበሃል፣ አይደል?"

"የት እሄዳለሁ፣ መምህር?"

"ቤት ውስጥ ችግር አለ?"

"ምንም። እናቴ በየጠዋቱ ሸሚዜን ተኩሳ 'በል ኢንጂነሩ፣ እንዳይረፍድብህ' ትለኛለች። ሸሚዝ ተተኩሶ እንዴት ይቀራል?"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ቃል ግባልኝ። እስከ ፈተናው አትሄድብኝም።"

"እስከ ፈተናው" አለ፣ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደሚያላምጥ ሰው። "እሺ።"

ቃሉን ጠበቀ። ጉንፋን ይዞት እንኳ እያሳለ መጣ። ፈተናው ሲቃረብ ሌሎቹን ሰብስቦ ያስጠናቸው ጀመር፤ እንዲያርሙት ሲል እያወቀ ይሳሳት ነበር። ለራሱ ግን አንድም ጥያቄ ሲሠራ አላየችውም። ሰነፈ፣ ሊወድቅ ነው ብላ ተጨነቀች።

በፈተናው ጠዋት ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ እጇን ይዞ አልለቅም አለ። "ከተመዘገቡት አንድም አልጎደለም። ክፍሉ ተረፈ፣ እህቴ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም።" ደስታውን ለበላዮቹ ሊያደርስ እየተጣደፈ ሄደ።

አዳራሹን አየች። ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል። ችኩሉ ግን ከደረጃው ሥር ወጣ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ እስክሪብቶ አልያዘም። እሷም ዘዴዋ በመጨረሻዋ ደቂቃ የከዳት መሰላት።

"ምን ይገትርሃል? ሊጀመር ነው። ወንበር ጎድሎ ከሆነ አስመጣልሃለሁ።"

"አልጎደለም፣ መምህር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔን'ኮ አምና ነው ያባረራችሁኝ።"