ጃቢር የዋጣቸው ብሎኖች

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ፈሳሽ ሳሙና የምታሽገው ወርቅአየሁ ሰውን በአንድ እይታ አውቃለሁ ትል ነበር። ጥለዋት የሄዱትን ሁለት ባሎቿንም በአንድ እይታ ነበር ያወቀቻቸው።

ሳሙናውን ጠርሙስ ውስጥ የሚሞላው ማሽን ከናይሮቢ ሲመጣ መንገዱ አንድ ነገር ሰበረበት፤ ሳሙናውን የሚያፈሱትን አራት ኖዝሎች ጨምድዶ የሚይዘውን ብረት። ያለ እሱ ኖዝሎቹ ጠርሙሱን ትተው ወለሉን ይሞላሉ። ቅዳሜ ደግሞ የማርሳቢቱ ነጋዴ የመጀመሪያውን ጭነት ሊወስድ ይመጣል። ካላገኘ ሌላ ጋ እንደሚሄድ ቁርጡን ነግሯታል።

ወርቅአየሁ ናይሮቢ ደውላ አዲስ መያዣ አዘዘች። በዚያው ስለቷንም አዘዘች። ማሽኑ በሰላም ከገባ ለገብርኤል መቅረዝ አስገባለሁ ብላ ነበር፤ ማሽኑ አራት ኖዝል ስላለው፣ አራት ጧፍ የሚይዝ። በሰላም ባይገባም ገብቷል፤ ከመልአክ ጋር ክርክር አትወድም።

ዕቃዎቹ በአንድ ካርቶን፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው በአውቶቡስ መጡ። ስለት ቤት ውስጥ አይፈታም። መልአኩ ቀላል ዕቃ እንደማይወድ ስለምታውቅ፣ ከሁለቱ ጥቅል ከበድ ያለውን በእጇ መዝና፣ እንደተጠቀለለ ለገብርኤሉ ቄስ ለአባ ዘርአብሩክ ላከችው።

ጃቢር ፉንዲ ነው፤ ከማንያታ እስከ ኦዳ የተበላሸ ወፍጮና ጀነሬተር ሁሉ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ሐሙስ ጠዋት መያዣውን ሊገጥም መጣ።

«እትዬ ወርቄ፣ ይሄ ነገር ለማሽን በጣም አምሯል።»

«ዋጋውን ብትሰማ ማማሩ አይገርምህም።»

«ብሎኖቹስ?»

«አብረው የሉም?»

«ወላሂ የሉም። እስኪ በሽቦ ልሰረው።»

በሽቦ ታሰረ። ማሽኑ ሲነሳ አራቱ ኖዝሎች እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዙና ሳሙናውን በጃቢር ፊት ላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ ከዚያም በሩን አልፈው መንገዱ ላይ ረጩት። ከጎልቦ ለገበያ የተነዱ ፍየሎች አረፋውን ላሱ። አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ከአፍንጫው ፊኛ ይወጣ ጀመር።

«አሁን ይሄን በሥጋ ልሽጠው ወይስ በሳሙና?» አለ የፍየሉ ባለቤት ሀላቄ።

ወርቅአየሁ አልሳቀችም። ነገሩ ገብቷታል። እውነተኛው መያዣ ከነብሎኑ ጃቢር ጋ ቀርቷል፤ ማሽኑ ላይ ያሰረው ደግሞ ከሆነ ቦታ ያመጣው ማስመሰያ ነው። ማስረጃም አላት፤ ከርጭቱ በኋላ ስለ ብሎኖቹ ደግማ ስትጠይቀው ዓይኗን አላየም። ዓይኑ ውስጥ ሳሙና ገብቶ እንደነበር አላስታወሰችም።

«የዋጥካቸውን ብሎኖች ትተፋለህ» አለችው።

«እትዬ፣ ድንበር ተሻግረሽ ስትመጪ ቤቷ ያስጠጋችሽ እናቴ ናት። የእሷ ልጅ ነው ሌባ?»

«እናትህ ሌላ፣ አንተ ሌላ።»

ጃቢር ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «እንግዲያው መፍቻዬን ስጪኝ» አለና ሄደ።

ዓርብ የሰፈሩ አስተዳዳሪ ቺፉ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። በሽማግሌዎቹ ፊት ሌባ ብላ ስሙን ጠራች። ማንያታ ውስጥ ስሙ እንዲህ ለተጠራ ፉንዲ የተሰበረ ጃንጥላ እንኳ የሚሰጠው የለም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አንዳቸው ብቻ «አስበሽበታል፣ ልጄ?» አሏት።

«በአንድ እይታ ነው ያወቅሁት» አለች።

ከዚያ መልአኩም እንዲመሰክርላት ቤተ ክርስቲያን ጎራ አለች። መቅረዙ ሥዕሉ ፊት ቆሟል። አራቱ ጧፎች እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ይነዳሉ፤ አንዱም ንቅንቅ አይልም። ወርቅአየሁ ኮራች። የናይሮቢ ሰው ለማሽን ሲሆን በዋጋ ይሸውዳል፣ ለመልአክ ሲሆን ግን ይፈራል አለች በልቧ።

«አባ፣ ጸልዩልኝ። ሌባ ጉያዬ ውስጥ አስቀምጬ ኖሬያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይግለጠው» አሉ አባ ዘርአብሩክ። «ስለትሽ ግን እንዴት ያለ ነው። ጧፉን አንዴ ከጨመደደ በፒንሳ ካልሆነ አይለቅም።»

«ለመልአኩ አይበዛበትም፣ አባ።»

አባ ዘርአብሩክ ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ ላስቲክ አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ከመቅረዙ ጋር ደግሞ እነዚህ አራት ብሎኖች መጥተዋል፤ የት እንደሚታሰሩ ስላላወቅን፣ ጃቢር መጥቶ እንዲያይልን ሰው ልከንበታል።»