አቤቱታ ሰሚው ባል

መርሻ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ወደ ግማሽ ቀን ሥራ ተዛወረ። ባለቤቱ አስካለ ደስ አላት። ሙሉ ቀን ሲሠራ ማታ ገብቶ በዝምታ በልቶ ይተኛ ነበር፤ እሷም ድካም ነው ብላ ትተወዋለች። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው ሊጫወቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ስለ እህቷ ሕመም ጀመረችለት። እየጎረሰ "እ" አላት። ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነገረችው። "እ" አላት።

"መርሻ፣ ምን አልኩህ?"

"ምን አልሽኝ?"

የቆየው የሥራ ሕግ ያኔ ትዝ አላት። ሠራተኛ በሥራ ላይ ያካበተው ችሎታ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ከጭንቅላቱ አውጥቶ ያስቀረዋል፤ ጠዋት ሲገባ ይመልስለታል። መርሻ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አቤቱታ ሰሚ ሆኖ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መሥሪያ ቤቱ ሄደች፤ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ መርሻ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላት።

"ይቀመጡ። አቤቱታዎ ምንድን ነው?"

"አቤቱታ የለኝም። ወሬ ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ እሷ ጠጋ አለ። እህቷን የሚያማት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቃት። ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ ጠየቃት። ስታለቅስ መሐረብ አቀበላት። አስካለ እንዲህ ያለ ባል እንዳላት አታውቅም ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አብረው ወጡ። በሩን እንዳለፉ ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ "የቀረውን ነገ እጨርስልሃለሁ" አለችው።

"ምኑን?" አላት።