ሁለት ቤት ሲጎድል

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም» አለች የዓለምዘርፍ፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ሶፋዋ ላይ ደልደል አለች።

ጋሽ ዓብዩ ተነፈሱ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ለዴክስተር ነው። ልጁ የግሬናዳ ሰው ስለሆነ አማርኛ የሚናገርለት አባት ከቤተ ክርስቲያን ተፈልጎ እሳቸው ተገኙ። ከጎናቸው የልጁ አያት ሚስ ኦጋስታ አሉ፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ዴክስተር ራሱ እንደ ደንቡ ቀርቷል። የምትጠየቀው ልጅ ቤዚም እንደ ደንቡ ጓዳ መቀመጥ ነበረባት፤ ግን የሚስ ኦጋስታ እንግሊዝኛ ለጋሽ ዓብዩ ስላልገባቸው ከሷ ሌላ አስተርጓሚ ጠፋ።

«ማሚ፣ እነሱ ካሪቢያን ደሴት፣ እኛ መንዝ! በየት በኩል ነው የምንዛመደው?»

«እሱን ቆጠራው ይንገረን። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና እኔን ሲጠይቅ ተቆጥሯል። ለሱ ያልቀረ ለማንም አይቀርም።»

«እምቢ ካልሽ ኮርትሃውስ ሄደን እንፈርማለን። ነግሬሻለሁ።»

«እኔም ያን ቀን ሥራዬን እገባለሁ። ነግሬሻለሁ።»

የምራቸውን ነው። ቤዚ ይህን እልህ ከማን እንደወረሰችው ጋሽ ዓብዩ ሊናገሩ ከጀሉና ተዉት።

ቤዚ ዞራ በእንግሊዝኛ ስታስረዳቸው ሚስ ኦጋስታ ፈገግ አሉ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና መጀመሪያ የጠየቁት እስክሪብቶ ነው። ሶፍት ላይ እንቁላል የመሰለች ነገር ሳሉ።

«አገራችን ይህቺው ናት። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተሽ አሌክሳንድሪያን ትንሽ ብታልፊ አለቀች፤ ባሕር ትገቢያለሽ።»

«ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ ካልተዘጋጋ ነዋ!» አሉ ጋሽ ዓብዩ፤ እዚሁ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል።

ቆጠራው በእስክሪብቶው ጫፍ ተጀመረ። «የዴክስተር እናት ጆአን፤ አንድ። እኔ ሁለት፤ እዚህ ምዕራቡ ዳር፣ ጉያቭ፣ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ተወለድኩ። እናቴ አይቪ ሦስት፤ እዚያው ገውዝ ስትለቅም ኖረች። ገውዛችን ባንዲራችን ላይ ሳይቀር አለ።»

«ገውዝ? ይኼ እኛ ቅመም የምናደርገው?»

«እሱ ራሱ ማሚ።»

ቅመም ባንዲራው ላይ ያደረገ ሕዝብ ክፉ አይሆንም፣ ብላ አሰበች የዓለምዘርፍ። ግን አላወጣችውም።

«የእናቴ እናት ሴለስቲን፤ አራት። መሐል ተራራው ላይ ድሮ እሳት ይተፋ የነበረ ጉድጓድ አለ፤ አሁን ሐይቅ ተኝቶበታል። ከሱ በታች ነበር ቤቷ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ካካዎ በእግሯ እየረገጠች ስታገላብጥ ትውላለች። የሷ እናት ፊባ፤ አምስት።» እስክሪብቶው ሰሜኑ ጫፍ ላይ ቆመ። «እዚህ ገደል አለ። ከኛ በፊት የነበሩት ያገሩ ሰዎች ፈረንሳዮች ሲያሳድዷቸው ከዚህ ዘለው ባሕር ገቡ ይባላል። ኋላ እንግሊዞች መጡ። ፊባ ያለችው በእንግሊዙ የሸንኮራ እርሻ የንብረት መዝገብ ላይ ነው፤ ከበሬዎቹ ቀጥሎ፣ ባሪያ ተብላ። ዕድሜ አሥራ አራት፣ ጤና ደህና። የማን ልጅ እንደሆነች አልጻፉም።»

«ከሷ በፊትስ?»

ሚስ ኦጋስታ እስክሪብቶውን ከሶፍቱ አሳልፈው ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። «ባሕር» አሉ።

የዓለምዘርፍ ሶፍቱን ወደሷ ሳብ አድርጋ አየችው። ግን ቃል ነው። «ሁለት ቤት ይጎድላል» አለች፤ ድምፅዋ እንዳሰበችው ጠንከር ብሎ አልወጣላትም።

«ያንቺንም ንገሪኝ እንጂ ልጄ» አሉ ሚስ ኦጋስታ በቤዚ አፍ።

ይህን ስትጠብቅ ነበር። ትምህርት ቤት የገባችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ይህን ግን አባቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ የሸመደደችው ነው። «አባቴ በፈቃዱ፣ በፈቃዱ ንጉሡ፣ ንጉሡ ወልደጻድቅ...» እያለች ሳትተነፍስ ሰባተኛው ጋ ደረሰች።

«ይበል!» አሉ ጋሽ ዓብዩ።

አሮጊቷ አጨበጨቡላት። ከዚያ ቤዚን አንድ ነገር ጠየቁ። ቤዚ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ማሚ፣ እነዚህ ሁሉ ወንዶች ናቸው፣ ማን ወለዳቸው? ነው የሚሉሽ።»

«እናቶቻቸው ናቸዋ!»

«ስማቸውስ? የሳቸው እኮ በእናት ነው የተቆጠረው።»

የዓለምዘርፍ አውራ ጣቷን አወጣች። «እናቴ ጥሩነሽ። የእናቴ እናት የተዋቡ። የሷ እናት...» ሦስተኛው ጣት አየር ላይ ቀረ። እማማ ትልቋ። ሁሉም እማማ ትልቋ ነበር የሚላት። ቤቷ የቱ ጋ እንደነበረ ታውቃለች፤ መቃብሯ ከየትኛው ዋንዛ ሥር እንደሆነ ታውቃለች። መርከብ የጫናት የለም፣ ከበሬ ጋር የጻፋት የለም። የዓለምዘርፍ አንድም ቀን ስሟን ጠይቃ አታውቅም።

ሚስ ኦጋስታ አልሳቁባትም። እስክሪብቶውን አስቀምጠው ጠበቋት።

የዓለምዘርፍ ብድግ ብላ ስልኳን አነሳችና መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወዳሉት የእናቷ እህት ደወለች።

«እትዬ ዝማም፣ እንደምን ዋሉ? የእማማ ትልቋ ስም ማን ነበር?»

«ምን አልሽኝ?»

«ስሟን! የክርስትናም ይሁን፣ ያገኙትን ይንገሩኝ።»

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ! ቤዚን ልድር ነው። ቶሎ ይበሉ፣ አማቾቼ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው።»

ቤዚ አፏን ከፈተች። ጋሽ ዓብዩ እንዳትናገር ክንዷን ያዝ አደረጓት። እትዬ ዝማም ስሙን ትተው በስልኩ እልልታውን አቀለጡት። ሚስ ኦጋስታ ምን እንደተባለ ማንንም አልጠየቁም። ከተቀመጡበት ፈቀቅ ብለው ለየዓለምዘርፍ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።