የሪድ ፍሪሰን ራስ ምታት

በፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ጥሎ ማለፉ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ ሳስካችዋን ውስጥ ያለው የሃልደን ወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ሪድ ፍሪሰንን አሰናበተ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ባንድ ቃል ተነገረ፦ አስመሳይ ነው።

አሰልጣኙ ዱዌን ኮዛክ አስመሳይ አይወድም። በተጫዋችነት ዘመኑ ጥርሱን በረዶ ላይ ተፍቶ ጨዋታ የጨረሰ ሰው ነው፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል።

ሪድ ጃንዋሪ ላይ ከሜዳው አጥር ጋር ተላትሞ ወደቀ። ተነሳ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ራሴን አመመኝ ማለት ሥራው ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ መብራት አጥፉልኝ ይላል። ልምምድ ላይ ያስመልሰዋል። ክለቡ ካስጠጋው ቤተሰብ ዘንድ እራት ትቶ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ ይተኛል። የቤቱ አባወራ ተጫዋች ሳይሆን አራስ ነው የላኩልን እያለ ከተማውን ያስቃል።

ኮዛክ ያለ ማስረጃ አልፈረደም። ተጫዋቾች ሁሉ ኦገስት ላይ፣ ጤነኛ ሳሉ፣ በኮምፒውተር የማስታወስ ፈተና ይወስዳሉ። ጭንቅላቱን የተመታ ያንኑ ይደግማል፤ ውጤቱ ከበፊቱ ካነሰ ያርፋል፣ እኩል ከሆነ ይጫወታል። ሪድ ደጋግሞ ተፈተነ። ሁልጊዜም ከኦገስቱ ጋር እኩል ነበር።

ኮዛክ ቢሮው ጠራው።

«ፍሪሰን፣ ማሽኑ ደህና ነህ ይላል። ማንን ልመን?»

ልጁ ዓይኑን ከመስኮቱ ብርሃን በእጁ ጋርዶ ቆሟል።

«ኮች፣ ፈተናውን እርስዎ ያውቁታል እኮ።»

«እኔ የማውቀው ፈሪ መሆንህን ነው። ዕቃህን ሰብስብ።»

እናቱ ረጅም መንገድ ነድታ መጥታ ወሰደችው። የኋላ ወንበር ላይ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ተጋደመ። ጓደኞቹ በመስኮት እያዩ እሹሩሩ ዘፈኑለት፤ ኮዛክ አልከለከላቸውም።

ቡድኑ ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፈ። በጁን፣ ሪድ አንድ ገጽ አንብቦ መጨረስ አቅቶት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይወስድ እንደቀረ ወሬው ደረሰ። ኮዛክን አልደነቀውም። ልጁ ድሮም ደደብ ነው፣ የኦገስት ውጤቱ ይመሰክራል አለ።

በሚቀጥለው ኦገስት አዲሶቹ ልጆች ኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት፣ ኮዛክ በየዓመቱ እንደሚያደርገው የመልበሻ ክፍሉን በር ዘጋና፣ «ልጆች፣ ዛሬ ጎበዝ መሆን የለም፤ ግማሹን እያወቃችሁ ሳቱ፤ ዛሬ ከፍ ያለ ያመጣ፣ ጃንዋሪ ላይ ሲመታ አያልፍም» አላቸው።